ብርሃን ሲበረታ ቀለም እንዳይሸሽ

የሥዕል ጥበብ ከተጀመረ አንሥቶ ሠዓሊን ሲያስጨንቁት ከኖሩት ጥያቄዎች አንዱ ለተመልካች እጅግ ቀላል መስሎ ይታያል። ጥያቄው፣ አንድን ነገር ቀለሙን ሳይገድሉ ማጥቆር፣ ቀለሙንም ሳያደበዝዙ ማብራት እንዴት ይቻላል? የሚል ነው። በመስኮት አጠገብ የተሰቀለ ቀይ መጋረጃ ፀሐይ ያገኘው ወገኑና በእጥፋቱ ውስጥ ጥላ የዋጠው ወገኑ ወደ ዐይናችን የሚልኩት ብርሃን በመጠኑ እጅግ የተራራቀ ነው። ዐይናችን ግን ሁለቱንም አስታርቆ አንድ ቀይ መጋረጃ ብሎ ይቀበላቸዋል። ሠዓሊው ጥላውን ለማምጣት ጥቁር ቢደባልቅበት ቀዩ ይቆሽሻል፤ ብርሃኑን ለማምጣት ነጭ ቢጨምርበት ቀይነቱን ትቶ ሮዝ ይሆናል። በብርሃንና በቀለም መካከል ያለው ይህ ሙግት ከሠዓሊው ቡርሽ ወደ ፎቶ አንሺው ጨለማ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ቴሌቪዥን መሐንዲሱ ሠንጠረዥ፣ በመጨረሻም የእጅ ስልክ ወደያዘ ሰው ሁሉ ጣት ተሸጋግሯል።

ዛሬ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ሥዕሉ የደበዘዘ ሲመስለው ፎቶ አንሺዎች ኮንትራስት የሚሉትን፣ ማለትም በብሩሁና በጥቁሩ መካከል ያለውን ርቀት፣ በአንድ የጣት እንቅስቃሴ ከፍ ያደርጋል። ሥዕሉ ወዲያው ይነቃል። ሆኖም ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ ሌላ ለውጥ አብሮ ይመጣል። የጠይሙ ሰው ፊት የሸክላ መልክ ይይዛል፤ ሣሩ ከተፈጥሮው በላይ ይለመልማል፤ የማታው ሰማይ በሕይወት ታይቶ የማያውቅ ሐምራዊ ይለብሳል። ሰውየው የነካው ብርሃኑን ብቻ መስሎት ነበር፤ ቀለሙም ሳይጠየቅ አብሮ ተነቃነቀ። ይህ ስለ ምን ይሆናል? ለመከላከል ሲሉስ ሰዎች በየዘመኑ ምን አደረጉ? ይህ ጽሑፍ የዚያን ጥረት ታሪክ ባጭሩ ለማየት ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

የሠዓሊዎቹ ሙግት

በ1400 አካባቢ ቼኒኖ ቼኒኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሠዓሊ ለሙያው ተማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ አንድን ልብስ ለመሣል ቀለሙን በሦስት ዕቃ ከፍሎ ማዘጋጀትን ያስተምራል። በአንደኛው ንጹሑ ቀለም ይቀመጣል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ነጭ ደረጃ በደረጃ ይጨመርበታል። ንጹሑ ቀለም ለእጥፋቱ ጥላ፣ ነጭ የበዛበት ለብርሃኑ ይውላል። በዚህ ዘዴ ጥላው አይቆሽሽም፤ ብርሃን ያገኘው ቦታ ግን እየነጣ ይሄዳል። ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ በ1435 ስለ ሥዕል ባሰናዳው ድርሰቱ ሌላ መንገድ አመለከተ። እርሱ ብርሃንን በነጭ፣ ጥላን በጥቁር ማምጣት እንደሚገባ፣ ይህም በብዙ ቁጥብነት መሆን እንዳለበት አስተማረ። ሁለቱ መምህራን የተለያዩት ብርሃኑ ሲለወጥ ከቀለሙ ላይ ምን ይሠዋ? በሚለው ነጥብ ላይ ነበር። አንደኛው የብርሃኑን ወገን፣ ሁለተኛው ሁለቱንም ወገን በጥቂቱ ለመሠዋት መረጠ።

ጉዳዩን ከልማድ ወደ ምርምር ያሸጋገረው የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ሚሼል ኤዥን ሸቭረል በ1824 በፓሪስ ዝነኛው የጎብለን የምንጣፍና የመጋረጃ ሥራ ድርጅት የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ከቀረቡለት ስሞታዎች አንዱ በሰማያዊና በወይን ጠጅ ልብሶች ምስል ላይ ለጥላ የሚገባው ጥቁር ክር ኃይል ያንሰዋል የሚል ነበር። ሸቭረል ክሩን ከሌሎች ቦታዎች ከመጡ ጥቁር ክሮች ጋር አስተያይቶ መረመረ፤ ጕድለት አላገኘበትም። ጥፋቱ ከማቅለሚያው ጋን ሳይሆን ከጎረቤቱ ቀለም ነበር። ሰማያዊው ከጎኑ ያለውን ጥቁር በዐይናችን ውስጥ ያደበዝዘዋል። በ1839 ያሳተመው መጽሐፉ ይህን ሕግ ዘርዝሮ አቀረበ፤ በኋላ የመጡት የፈረንሳይ ሠዓሊዎችም ብዙ ተማሩበት። ሸማኔዎቻችን ይህን በእጃቸው ያውቁታል። በነጭ ሸማ ጠርዝ ላይ ጥበብ ሲጥሉ አንዱ ቀይ ክር ከብጫ ጎን ሲሆንና ከጥቁር ጎን ሲሆን አንድ ክር መሆኑን ለማመን ያስቸግራል።

የቴአትር ሰዎችም ለነገሩ እንግዶች አይደሉም። የመድረክ መብራት የሽቦ አምፑል በነበረበት ዘመን፣ ትዕይንቱ ሲመሽ መብራቱ ቀስ እየተባለ ሲቀነስ፣ የሚቀነሰው ብርሃኑ ብቻ አልነበረም። የአምፑሉ ሽቦ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ብርሃኑ ወደ ብርቱካንና ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ የተዋናዩም ነጭ ሸማ የእሳት ዳር ሸማ ይመስላል። ብርሃንን ብቻ ለመቀነስ ፈልጎ ቀለምንም ያልቀየረ የመብራት ባለሙያ በዚያ ዘመን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ለዚህ ሁሉ ግራ መጋባት ሥርዓት ያለው ቋንቋ የሰጠው አልበርት ማንሰል የተባለው የቦስተን ሠዓሊና የሥዕል መምህር ነው። ማንሰል በ1905 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ቀለም በሦስት መለኪያዎች እንደሚገለጽ አሳየ። አንደኛው የቀለሙ ዐይነት ነው፤ ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ? ሁለተኛው ብሩህነቱ ነው፤ በጥቁርና በነጭ መካከል ካለው መሰላል በስንተኛው እርከን ላይ ይቆማል? ሦስተኛው ሙላቱ ነው፤ ከግራጫ ምን ያህል ርቋል? እነዚህ ሦስቱ እንደ ቤት ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ የተለያዩ ናቸው። አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማንቀሳቀስ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ ይቻላል። ከማንሰል ወዲህ የሠዓሊው ጥንታዊ ጥያቄ ጥርት ባለ አነጋገር ሊቀርብ ቻለ፤ ብሩህነትን ስናንቀሳቅስ የቀለሙ ዐይነትና ሙላቱ በቦታቸው እንዲቆዩ ምን እናድርግ?

ሦስቱ ሰሌዳዎች

ፎቶግራፍ ሲወለድ ይህ ጥያቄ አልነበረበትም፤ ቀለም አልነበረውምና። በብር ጨው የተሠራው ሰሌዳ ብርሃንን ብቻ ይመዘግባል። ቀለም የፈለገ ደንበኛ ሥዕሉን ለቀለም ቀቢ ይሰጣል፤ ቀቢውም በቀጭን ቡርሽ ጉንጩን ያቀላል፣ ልብሱን ሰማያዊ ያደርጋል። በዚህ የእጅ ሥራ ውስጥ ብርሃኑ ከብሩ፣ ቀለሙ ከቡርሹ ይመጣ እንደነበረ ልብ ማለት ይገባል። የዛሬው ኮምፒዩተር በረቀቀ ስሌት የሚፈልገውን መለያየት ያ ቀቢ ሳያውቀው ይሠራው ነበር።

እውነተኛው የቀለም ፎቶግራፍ የመጣው በስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ በጄምስ ክላርክ ማክስዌል አማካይነት ነው። ማክስዌል በ1861 ለንደን ከተማ በሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ቆሞ ቶማስ ሳተን ያነሣለትን የባለ መስመር ጥብጣብ ፎቶግራፍ አሳየ። ጥብጣቡ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ በኩል ለየብቻ ተነሥቶ ነበር። ሦስቱ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች በየማጣሪያቸው ብርሃን አንድ ግድግዳ ላይ ሲደራረቡ ጥብጣቡ በቀለሙ ታየ። የሚያስገርመው የዚያን ዘመን ሰሌዳ ቀይን ጨርሶ የማያይ መሆኑ ነው። ነገሩ የተፈታው ከመቶ ዓመት በኋላ በ1961 ነው፤ የኮዳክ ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው፣ የጥብጣቡ ቀይ ማቅለሚያ ለዐይን የማይታየውን ከወይን ጠጅ ባሻገር ያለውን ብርሃን ያንጸባርቅ እንደነበረና ሰሌዳው ያን መዝግቦ እንደነበረ አስረዱ። ሙከራው የተሳካው በዕድል እርዳታ ጭምር ነው፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። ቀለም ማለት የሦስት ብርሃኖች ዝምድና ነው።

ይህችን ዝምድና የምትለዋን ቃል አንባቢ አጥብቆ እንዲይዛት እንጠይቃለን። ሩሲያዊው ሰርጌይ ፕሮኩዲን-ጎርስኪ ከ1909 እስከ 1915 ባለው ጊዜ የሩሲያን ግዛት በባቡርና በጀልባ እየዞረ ሕዝቡን፣ ገዳማቱን፣ ወንዞቹን በሦስት ማጣሪያ ለሦስት ጊዜ እያነሣ በመስታወት ሰሌዳ ላይ አስቀረ። በ1911 ያነሣው የቡኻራው አሚር ሰማያዊ ካባ ለብሶ ተቀምጦ የሚታይበት ሥዕል የታወቀ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰሌዳዎቹን በ1948 ከወራሾቹ ገዛ፤ በ2001 ደግሞ ከፊሎቹ በኮምፒዩተር ተዋሕደው ለሕዝብ ትርኢት ቀረቡ። በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ከሦስቱ የአንዱ ሰሌዳ ኮንትራስት ከሌሎቹ ቢበልጥ ግራጫው ድንጋይ በብርሃኑ ወገን አንድ ቀለም፣ በጥላው ወገን ሌላ ቀለም ይይዛል። ሦስቱ እኩል ካልተራመዱ ቀለሙ ይሳሳታል። እኩል ቢራመዱስ? እኩል መራመድም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ኩርባው መስመር

ኮንትራስትን በቁጥር ለመለካት የመጀመሪያውን ጽኑ መሠረት የጣሉት በእንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ፈርዲናንድ ሁርተርና ቬሮ ድሪፊልድ ናቸው። በ1890 ባወጡት ጥናት ሰሌዳው ላይ የወደቀውን የብርሃን መጠንና ሰሌዳው የጠቆረበትን ልክ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አያያዙት። የተገኘው መስመር ቀጥ ያለ አይደለም። ከታች ተኝቶ ይጀምራል፣ መካከሉ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከአናቱ ደግሞ መልሶ ይተኛል። የመካከሉ ዳገት የቆመ ከሆነ ኮንትራስቱ ከፍተኛ፣ የተጋደመ ከሆነ ዝቅተኛ ነው። ዛሬ ፎቶግራፍ በሚታረምባቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ባለሙያው የሚያጎብጠው መስመር የዚህ መስመር የቅርብ ዘመድ ነው።

የሉምየር ወንድማማቾች በ1907 ለገበያ ያቀረቡት አውቶክሮም ብርቱካን፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የተቀቡ የድንች ስታርች ቅንጣቶችን እንደ ማጣሪያ ይጠቀም ነበር። በ1935 ሊዮፖልድ ማንስና ሊዮፖልድ ጎዶቭስኪ የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች የደከሙበት ኮዳክሮም፣ በ1936 ደግሞ የጀርመኑ አግፋከለር ወጡ። እነዚህ ሁለቱ ሦስቱን ሰሌዳዎች በአንድ ፊልም ላይ ደራርበው አስቀመጡ። ስለዚህም አንድ ፊልም ሦስት ኩርባዎችን ተሸከመ። ፊልሙ ኮንትራስቱ እንዲበረታ ረዘም ላለ ጊዜ ሲታጠብ ሦስቱም ኩርባዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ሥዕሉም ከመንቃቱ ጋር ቀለሙ ይጋጋላል። በጨለማ ክፍል ዘመን ብርሃኑን ብቻ ለይቶ መንካት ለቀለም ፊልም አጣቢ እጅግ አድካሚ ነገር ነበር። ሁለቱ በአንድ እንፋሎት እንደሚነፋ እንጀራና ዐይኑ ተያይዘው ይወጣሉ።

ቴሌቪዥን ያስተማረው

መፍትሔው የመጣው ከፎቶ ቤት አልነበረም። ቴሌቪዥን ወደ ቀለም ሊሸጋገር ሲል መሐንዲሶች አንድ ማኅበራዊ ችግር ገጠማቸው። በሕዝቡ እጅ ያሉት ጥቁርና ነጭ መቀበያዎች በአንድ ቀን እንዳይጣሉ ምን ይደረግ? ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦርዥ ቫላንሲ በ1938 ያቀረበው ሐሳብ ሥርጭቱ ለሁለት ይከፈል የሚል ነበር። አንደኛው ክፍል ብሩህነትን ብቻ ይሸከማል፤ ይህን ጥቁርና ነጩ መቀበያ እንደ ወትሮው ያሳየዋል። ሁለተኛው ክፍል ቀለምን ብቻ ይሸከማል፤ ይህን ባለ ቀለሙ መቀበያ ከመጀመሪያው ጋር አዋሕዶ ያቀርበዋል። አሜሪካ በ1953 ያጸደቀችው የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት የአውሮፓ ሥርዓቶችም እንደዚሁ ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 በጥቁርና ነጭ ጀምሮ በ1984 ወደ ቀለም ሲሸጋገር በአሮጌው መቀበያ የሚመለከተው ቤተሰብ ሥዕሉ ያልጠፋበት በዚሁ ብልሃት ነው።

ብሩህነትን ለማስላት መሐንዲሶቹ ዐይንን መጠየቅ ነበረባቸው። ዐይን ሦስቱን ብርሃኖች እኩል አይመዝንም፤ አረንጓዴው ይበልጥ ብሩህ፣ ሰማያዊው ይበልጥ ጨለማ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ በ1953ቱ ሥርዓት ብሩህነት ከቀዩ 30 በመቶ፣ ከአረንጓዴው 59 በመቶ፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ተውጣጥቶ ይደመር ተባለ። ይህ ቀመር ለሥዕል ጥበብ የሰጠውን ጥቅም ያኔ ብዙ ሰው ያስተዋለው አይመስልም። ብርሃንና ቀለም በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በሥራም ተለያዩ። ሠዓሊው ለዘመናት የተመኘው መቀስ ተገኘ። በ1976 ዓለም አቀፉ የብርሃን ጉዳይ ኮሚሽን ይህን መለያየት ለዐይን ስሜት ይበልጥ የቀረበ አድርጎ አጸደቀ፤ በዚህ ሥርዓት አንዱ ቁጥር ብሩህነትን፣ ሁለቱ ቁጥሮች ቀለምን ይገልጻሉ።

ቁጥር የሆነ ሥዕል

በ1957 አሜሪካዊው ራስል ከርሽ የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ በ176 ረድፍና በ176 ዓምድ ከፋፍሎ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። በ1975 በኮዳክ የሚሠራው ስቲቨን ሳሰን ፊልም የሌለውን ካሜራ ሠራ፤ አንዱን ጥቁርና ነጭ ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ1976 የዚያው ኩባንያ ባልደረባ ብራይስ ቤየር በካሜራው ዐይን ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች የሚደረደሩበትን ሥርዓት የፈጠራ መብት አገኘበት። ቤየር አረንጓዴውን ከሌሎቹ እጥፍ አደረገው፤ ምክንያቱም ዐይን ብሩህነትን ይበልጥ የሚያነበው ከአረንጓዴው ነውና። በ1990 የኖል ወንድማማቾች የደረሱት ፎቶሾፕ ለገበያ ቀረበ፤ ጨለማው ክፍልም ወደ ጠረጴዛ ወጣ።

አሁን ከላይ ወዳቆየነው ጥያቄ እንመለስ። በኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዷ የሥዕል ነጥብ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች አሏት፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። ብርሃን ያገኘው የአንድ ጠይም ሰው ጉንጭ 160፣ 110፣ 80 ነው እንበል። ጥላ ያረፈበት ሌላው ጉንጩ ደግሞ የዚህ ግማሽ፣ ማለት 80፣ 55፣ 40 ይሁን። በሁለቱም ጉንጮች ላይ ቀዩ የሰማያዊው እጥፍ ነው፤ ዝምድናቸው አንድ ስለሆነ የአንድ ሰው ፊት መሆናቸውን እናውቃለን። አሁን ኮንትራስቱን በአንድ ተኩል እጥፍ እናሳድግ። ተራው ዘዴ ሦስቱን ቁጥሮች ለየብቻ ወስዶ ከመካከለኛው ከ128 ያላቸውን ርቀት በአንድ ተኩል ያባዛል። ብሩሁ ጉንጭ 176፣ 101፣ 56 ይሆናል። ጥላ ያለበት ጉንጭ 56፣ 19፣ 0 ይሆናል።

ልብ እንበል፤ በብሩሁ ጉንጭ ላይ ቀዩ ከሰማያዊው ሦስት እጥፍ በለጠ። በጥላው ጉንጭ ላይ ሰማያዊው ጨርሶ ሞተ። ጠይምነቱ በአንድ ወገን ሸክላ፣ በሌላው ወገን ፍም ሆነ። ማንም ቀለሙን አልነካውም፤ ሦስቱም ቁጥሮች በአንድ ሕግ፣ በእኩልነት ታዘዙ። ነገር ግን ከመካከለኛው በላይ የነበረው ወደ ላይ፣ በታች የነበረው ወደ ታች ስለተገፋ ዝምድናቸው ፈረሰ። ቀለም ደግሞ ዝምድና ነው። ብርሃኑ እጅግ በበዛበት በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ ላይ ሌላ ጥፋት ይታከላል። ቀዩ 255 ሲደርስ ጣሪያውን ነክቶ ይቆማል፤ አረንጓዴው ግን መውጣቱን ስለሚቀጥል ያ ቦታ ወደ ብጫ ያዘነብላል።

ሁለተኛው ዘዴ ከቴሌቪዥን የተወረሰው ነው። አስቀድሞ የእያንዳንዷን ነጥብ ብሩህነት ያሰላል፤ ብሩሁ ጉንጭ ወደ 122፣ የጥላው ጉንጭ ወደ 61 ይሆናል። ኮንትራስቱን የሚጨምረው በዚህ በአንዱ ቁጥር ላይ ብቻ ነው፤ 122 ወደ 119፣ 61 ወደ 28 ገደማ ይወርዳሉ። ከዚያ ሦስቱን የቀለም ቁጥሮች ብሩህነቱ በተለወጠበት ልክ ያባዛቸዋል። ብሩሁ ጉንጭ 156፣ 107፣ 78፣ የጥላው ጉንጭ 36፣ 25፣ 18 ይሆናሉ። ብርሃንና ጥላው ተራርቀዋል፤ ሥዕሉ ነቅቷል። ቀዩ ግን በሁለቱም ወገን አሁንም የሰማያዊው እጥፍ ነው። ጠይሙ ሰው ጠይም እንደሆነ ቀረ።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ስለ ምን ሁሉም እንዲህ አይሠራም? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ከፊሉ ልማድ ነው። የፊልም ዘመን ዐይናችንን ኮንትራስትና የተጋጋለ ቀለም አብረው እንዲመጡ አስለምዶታል፤ ገበያውም የሚያብረቀርቀውን ይወዳል። ከፊሉ ደግሞ የዐይን ተፈጥሮ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮበርት ሃንት በ1952 እንዳስረዳው አንድ ዐይነት ቀለም ብርሃኑ በበረታ መጠን ይበልጥ የሞላ መስሎ ይታየናል። በቀትር ፀሐይ የታየች አበባ በምሽት ከታየችው ትደምቃለች። ስለዚህ ኮንትራስቱ በብዙ ጨምሮ ቀለሙ በስሌት ፍጹም ሳይነቃነቅ የቀረበት ሥዕል አንዳንዴ የገረጣ ይመስላል። ጥንቁቅ ባለሙያ ብርሃኑን ለብቻው ካንቀሳቀሰ በኋላ ቀለሙን በጥቂቱ፣ በዐይኑ ዳኝነት ያነሣዋል። ልዩነቱ፣ ቀለሙ ሳይጠየቅ መሸሹ ቀርቶ በባለሙያው ፈቃድ መራመዱ ነው።

የጠይም ፊት ጉዳይ

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የሙያ ነገር ብቻ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሰው ክብር ያለበት ምዕራፍ አለ። በአሜሪካ የቀለም ፊልም ሲስፋፋ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኮዳክ ለፎቶ አጣቢ ቤቶች የመመዘኛ ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ ያማረ ልብስ የለበሰች ነጭ ሴት አለች። ካርዱም በመጀመሪያዋ የፎቶግራፍ ሞዴል ስም ሸርሊ ተብሎ ይጠራ ነበር። አጣቢው የእርሷ ገላ ትክክል እስኪመጣ ድረስ መሣሪያውን ያስተካክላል። እርሷ ትክክል ስትሆን ሌላው ሁሉ ትክክል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በዚህም የተነሣ ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው በተነሡባቸው ሥዕሎች ላይ የጥቁሮቹ ፊት ጥርስና ዐይን ብቻ ቀርቶለት በጥላ ይዋጥ ነበር። ካናዳዊቷ ምሁር ሎርና ሮት በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንደ ገለጸችው፣ ቡናማ ቀለም በትክክል እንዲወጣ ከግፊቱ አንዱ የመጣው የቸኮላታቸውና የእንጨት ዕቃቸው ሥዕል ካልሠመረላቸው ነጋዴዎች ነው። የሰው ፊት ያላስገኘውን ጥንቃቄ ቸኮላትና ቁም ሣጥን አስገኙት። የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች የሚታዩበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው።

በ2021 ጎግል የጠቆረ ገላን በትክክል ለማንሣት ያዘጋጀውን ዘዴ በስልኮቹ ውስጥ አስገባ፤ በ2022 ደግሞ ኤሊስ መንክ ከተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ጋር አሥር እርከን ያለው የገላ ቀለም መለኪያ ለሕዝብ አቀረበ። የዚህ ዐይነቱ እርምጃ ደግ ነው። ሆኖም ኩባንያ ያሰናዳው መለኪያ የሕዝብን ዐይን ሊተካ አይችልም።

የአማርኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብለን ስንለይ፣ በመካከላቸውም ጠቆር ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ፈካ ያለ እያልን እርከኖችን ስንጨምር፣ የማንሰልን መሰላል በራሳችን መንገድ መውጣታችን ነው። ጠይም የሚለው ቃል አንድን የብሩህነት ደረጃ ብቻ አያመለክትም። በውስጡ ሙቀት አለው፤ ዘፋኝና ገጣሚ ደጋግመው ያወደሱትም ያን ሙቀት ነው። ኮንትራስት በግድየለሽነት ሲጨመር የሚጠፋው ይህ ነው። ጠይሙ ወይ ወደ ጥቁርነት ይወድቃል፣ ወይ ወደ ሸክላነት ይቀላል፤ በሁለቱ መካከል የነበረው፣ ቋንቋችን ስም ያወጣለት መልክ ቦታ ያጣል።

ጉዳዩ ለዛሬ ሥዕሎቻችን ብቻ አይደለም። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት የቀለም ፎቶግራፎች በዕድሜ ብዛት ደብዝዘዋል፤ ሦስቱ ማቅለሚያዎቻቸው እኩል ስለማያረጁ አንዳንዶቹ ወደ ቀይ፣ አንዳንዶቹ ወደ ብጫ ዞረዋል። ልጆችና የልጅ ልጆች እነዚህን ሥዕሎች ወደ ኮምፒዩተር እያስገቡ ማደስ ይዘዋል። የመጀመሪያው ነገር ኮንትራስቱን መጨመር ይሆናል፤ የደበዘዘ ሥዕል ሁሉ ያን የሚጠይቅ ይመስላልና። ነገር ግን ዝምድናቸው የተዛባ ሦስት ቁጥሮች ኮንትራስት ሲጨመርባቸው መዛባታቸውም አብሮ ያድጋል። ተገቢው ቅደም ተከተል አስቀድሞ ሦስቱን ማስታረቅ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ግራጫ ወይም ነጭ መሆኑ የሚታወቅ ነገር ይፈለጋል፤ የነጠላ እጥፋት፣ የኖራ ግድግዳ ወይም የሽማግሌ ሽበት ይህን ያገለግላል። ያ ነገር ከማንኛውም ቀለም ነጻ እስኪሆን ድረስ ሦስቱ ይስተካከላሉ። ከዚያ በኋላ ብሩህነቱ ለብቻው ይነሣል። በመጨረሻም ቀለሙ፣ ካስፈለገ፣ በጥቂቱ ይጨመራል። ዋናው ሰነድ ደግሞ ሳይነካ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የሚመጣው ትውልድ ከእኛ የተሻለ ዘዴ ሊኖረው ይችላልና።

ከቼኒኒ ሦስት ዕቃዎች እስከ ዛሬው ስሌት ከስድስት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። የተለወጠው መሣሪያው ነው፤ ኃላፊነቱ አልተለወጠም። መሣሪያው ብርሃንን ከቀለም ሊለይ ይችላል፤ ይህ ሰው ምን ዐይነት መልክ ነበረው? ብሎ ሊጠይቅ ግን አይችልም። ይህን ሊጠይቅ የሚችለው ሰውየውን በቀን ብርሃን ያየው፣ መልኩንም በስሙ ሊጠራው የሚችለው ሰው ነው። ስለዚህም የፎቶ ባለሙያዎቻችን፣ የቤተ መዛግብት ሠራተኞቻችን፣ የሥዕል ተማሪዎቻችንም ቁጥሩን ከመነካካታቸው በፊት ፊቱን ደኅና አድርገው እንዲያዩት ያስፈልጋል።